የወልደማርያም ሦስተኛው በርሜል

ባሌ ወልደማርያም ወይን ሲቀምስ አይታችሁት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ማውራት ባላስፈለገኝ ነበር። ዐይኑን ይጨፍናል፤ ብርጭቆውን ከአፍንጫው ሥር ቀስ አድርጎ ያዞራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። የሸዋ ልጅ ነኝ፣ ስሜም ሸዋገነት ነው፣ ሰው ፊቴ ዝም ካለ የሞተ ይመስለኛል። «ምን አገኘህበት ታዲያ?» ብዬ ስጠይቀው እጁን ያነሳና «ቆይ ሸዋ፣ ገና ኤረር አልደረስኩም» ይለኛል። ኤረር በድሮው ሐዲድ ላይ ከድሬዳዋ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ጣቢያ ነው። ሰውየው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በወይኑ ሐረግ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ኤረር ይሄዳል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እቀራለሁ።

ወልደማርያም የሽመንደፈር ሰው ነው፤ ድሬዎች የድሮውን ምድር ባቡር የምንጠራው እንደዚያ ነው። በልጅነቱ ወርክሾፕ ገብቶ፣ አሮጌው ባቡር እስኪቆም ድረስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ጓደኞቹ ከሰዓት በኋላውን በርጫ፣ የጫቱን ወግ፣ ያዙበት፤ እሱ ድሮም በትርፍ ጊዜው የሚጨምቀውን ወይኑን ያዘ። ግቢያችን ያለውን ወይን የተከለው ከእኛ በፊት ቤቱ ውስጥ የነበረ ግሪክ ነው፣ ሙሴ ያኒ ይሉታል። አገሩ ሊገባ ሲነሳ ለባሌ ያስረከበው ወይኑን፣ አሮጌ በርሜሎቹንና አንድ ምክር ነው፦ በርሜል ጎዶሎ አይተውም፣ አየር ገብቶ ያበላሸዋል። ባሌ ይህችን ምክር ከጸሎቱ እኩል ነው የያዛት።

ድሮ ልብስ ማጠቢያ የነበረችው ክፍል ግድግዳዋ የድንጋይ ስለሆነ ድሬ ስትነድም ትቀዘቅዛለች። ሦስቱ በርሜሎች እዚያ ናቸው። ሁለቱን ኤረር ከሚያርስ ገበሬ በምንገዛው ወይን ይሞላል፤ ሦስተኛውን ከራሳችን ግቢ በሚለቀመው። ስም አውጥቶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ኤረር፣ ሁለተኛው ሑርሶ፣ ሦስተኛው ድሬ ይባላሉ። ባቡሩ ወደ ቤት ሲመጣ የሚያልፋቸው ጣቢያዎች ናቸው። በየጠርሙሱ ላይ የጣቢያውን ስም በእጁ ይጽፍበታል። የተወሰነውን ጢሞቴዎስ የሚባል ምግብ ቤት ያለው ልጅ ለደንበኞቹ ይወስዳል፤ የቀረው ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለወዳጅ ይሄዳል። እኔ ወደዚያች ክፍል ዝር አልልም። «ሽንኩርት ትሸቻለሽ፣ ወይኑ ይደነግጣል» ብሎ ከከለከለኝ ቆይቷል። የማን ሽንኩርት ሲበላ እንደኖረ እሱ ይወቀው!

ከግቢያችን ግንብ አጥር ወዲያ ሃሊሞ አለች። ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ሟች ባሏ ዐብዲፈታሕም ሽመንደፈር ይሠራ ስለነበር እነሱም እኛም ቤት የተሰጠን በአንድ ሰሞን ነው፤ ጎረቤት ከሆንን ሠላሳ ዓመት አልፎናል። ሶላቷን የማታጓድል ሴት ናት፤ የወይን ጠብታ በአፏ ዞሮ አያውቅም። አፍንጫዋ ግን ሌላ ጉድ ነው። በሰኔ ወይኑ ተጨምቆ መፍላት ሲጀምር ሽታው ግንቡን ይዘልና እሷ ግቢ ይገባል፤ ያኔ ከወዲያ ድምጿ ይመጣል።

«ወርያ ወልዴ! ዘንድሮ ቸኩለሃል አቦ! ወይኑ ጥሬ ጥሬ ይሸታል!»

«ሃሊሞ፣ ግንዱ የሰጠኝን ነው የጨመቅኩት፣ ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነፋሱ የነገረኝን ነው።»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አናውቅም፤ እንዲህ በ«ወርያ»፣ በአንተና በአንቺ ነው የምንዋደደው። አንድ ቀን «ሃሊሞ፣ ሲሸትሽ ኃጢአት አይሆንብሽም?» ብዬ ባበሽቃት፣ «እኔ አልጠራሁት፣ ነፋስ በር አያንኳኳም» አለችኝ። አዲሱን ወይን ከወዳጅ ጋር በምንቀምስበት በቅምሻ ቀን ግን ግቢያችን አትገባም። ሌላ ቀን ወጥ ቤቴ ድረስ ገብታ ድስቴን ከፍታ የምታይ ሴት፣ ያን ቀን ጠጅም ወይንም ያለበት ማዕድ ላይ አልቀመጥም ብላ ቤቷ ትውላለች። እኛም አንቀየማትም፣ እሷም አትቀየመንም።

ባለፈው ክረምት ከተማችን ውስጥ ትኩሳት ገባ። ወልደማርያምን ጣለው፤ ሰንብቶ ተነሳ፤ እግዚአብሔርን አመሰገንን። ግን አንድ ነገር አብሮት አልተነሳም። አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዤ ምስር ወጤ አረረ፤ ግቢው ሁሉ በጭስ ታጠነ። ድሮ ቢሆን «ሸዋ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው?» ብሎ ከሰፈር ማዶ ይጮህ ነበር። ያን ቀን ያረረውን ወጥ ጥርግ አድርጎ በላና «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ደነገጥኩ። በማግስቱ ሻሂውን በስኳር ፈንታ ጨው ጨምሬ ሰጠሁት። እስከ አተላው ጠጣው። ወጥ ቤት ገብቼ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስኩ። አፍንጫውም ምላሱም ከድተውታል፤ እሱም ደብቆኛል።

ለምን እንደደበቀኝ አላጣሁትም። ስንት ዘመን ሙሉ «ምላሴ የከዳኝ ቀን ይህን ወይን ከሥሩ እቆርጠዋለሁ፤ የማልቀምሰውን ለሰው አላጠጣም» ሲል ሰምቼዋለሁ። አፉ የተናገረውን እጁ የማያጥፍ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከጡረታ በኋላ እጃቸው ሥራ ያጣ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ስቀብር ኖሬያለሁ። ወይኑ ከተቆረጠ ባሌም ብዙ አይቆይልኝም ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ይህ ነው። ስለዚህ እሱ እኔን ደበቀኝ፣ እኔም ማወቄን ደበቅኩት። ሆድ ይፍጀው ብለን ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን ከረምን።

ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ በርሜሎቹ ክፍል ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ይወጣል። ድሮ በየበርሜሉ ቡሹን ነቅሎ ያሸት ነበር፤ የጎደለ ካለ በአፍንጫው ያውቅና ይሞላው ነበር። አሁን ምን ብሎ ያሽት? ገብቶ ቆሞ ነበር የሚወጣው። ሃሊሞም እዚህ ብትኖር ኖሮ ከግንቡ ወዲያ ሆና በነገረችው ነበር፤ እሷ ግን ልጇ ኢዲል ወልዳ ልታርሳት ጅቡቲ ወርዳ ከርማለች።

የቅምሻ ቀናችን ሁልጊዜ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሑድ ነው፤ ድሬ ቀዝቀዝ ብላ ሰው የምትመስልበት ወቅት። ዘንድሮ ይቀራል ብዬ ስጠብቅ ወልደማርያም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ጠረጴዛውን ከወይኑ ጥላ ሥር አወጣ። ይሳቅ መጣ፤ ይሳቅ ባቡር ይነዳ የነበረ የልብ ጓደኛው ነው። ጢሞቴዎስ መጣ፤ ሌሎችም ጎረቤቶች መጡ። የባቢሌ ለውዝ በሳህን፣ ዳቦ በመሶብ አቀረብኩ። እግር ያላቸው ብርጭቆዎች ተደረደሩ። ከቅጠሎቹ መሐል የገባው የከሰዓት ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ይወዛወዛል፤ ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ገና ከቀትር እንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል።

የመጀመሪያውን ቀዳ። ቀላል ነው፣ ቅላቱ የከርከዴ ሻሂ ነው።

«ጨፍኑ» አለ።

ጨፈንን።

«ይህ ኤረር ነው። ጠዋት ነው። ነፋሱ ገና አልሞቀም። ባቡሩ ሲቆም ሴቶቹ ዘይቱን በሳህን ይዘው ከመስኮቱ ሥር ይሮጣሉ። አንዷ ሳህኗን ከፍ አድርጋለች፤ ዘይቱኑ አፍንጫችሁ ሥር ነው። አገኛችሁት?»

አገኘሁት! እመብርሃንን አገኘሁት። ዘይቱኑ ብርጭቆው ውስጥ ነበር፤ ለስላሳ፣ ትንሽ አረንጓዴ፣ ገና በደንብ ያልበሰለ። ጎንጨት ስል ምላሴ ላይ አልፎ ሄደ፤ ጣፋጭነቱ አይዘገይም። ማንም አልተናገረም። ዐይኔን ገልጬ ባሌን አየሁት። ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ይዞ ያዞራል፤ እኔ ብቻ አውቃለሁ፣ ምንም እንደማይሸተው። ሁሉንም ከትዝታው እያወጣ ነበር የሚቀዳልን።

ሁለተኛውን ቀዳ። ይህኛው ጠቆር ይላል፤ ብርሃን ላይ ሲይዙት ብቻ ነው ቀይነቱ የሚወጣው።

«ሑርሶ» አለ ወልደማርያም። «ቀትር ነው። ባቡሩ ቆሟል፤ ለምን እንደቆመ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ጥላ ያለው ከፉርጎው ሥር ብቻ ነው። አንድ የማታውቁት ሽማግሌ ከኪሱ ተምር አውጥቶ ያካፍላችኋል። ከተምሩ ጋር ቅርንፉድ በአንድ ኪስ ይዞት ስለከረመ ሽታው ገብቶበታል። አትቸኩሉ። ወዲያው አትዋጡት። መጀመሪያ ድዳችሁን ይይዛል፣ ቆይቶ ይለቃል።»

አፌን ያዘኝ፤ እንደ ወፍራም ሻሂ ድዴን ጨበጠኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ሲለቀኝ ከሥሩ ተምሩ መጣ፣ ከተምሩ ኋላ ቅርንፉዱ መጣ። እንደተቀመጥኩ ሰውነቴ ከበደኝ፣ ደስ የሚል ክብደት ነው። ይሳቅ አንገቱን ደገፍ አድርጎ ሰማዩን ያያል። ጢሞቴዎስ ሁልጊዜ የሚነካካውን ስልኩን ረስቶታል። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም፤ ቅጠሉ ብቻ ነበር የሚንሿሿው።

ሦስተኛው መጣ፤ የግቢያችን ወይን።

«ድሬ ገባን» አለ ባሌ። ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። «ማታ ዘንቧል፣ አሁን አባርቷል። ደቻቱ ወንዝ ውኃው አልፎ አሸዋው እርጥብ ነው። አንድ ሰው ሩማን ሰንጥቆ…»

ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋው ገና ሳልቀምሰው አፍንጫዬን ወጋኝ። አቼቶ! የለየለት አቼቶ! ጎንጨት አልኩና ዐይኔ እንባ አቀረረ። ዙሪያዬን ሳይ የሁሉም ፊት ተኮማትሯል። አንድ ሰው ለውዝ እያነሳ አፉን ይሞላል። መጀመሪያ የተናገረው ይሳቅ ነው።

«አቤት! አቤት ወልዴ! ማር ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ የዘንድሮው ከሁሉም ይበልጣል» አለ ጢሞቴዎስ እያሳለ።

«እጅህ አይንቀጥቀጥ!» አለች አንዷ ጎረቤት።

እኔስ? እኔም «እሰይ የኔ ጌታ!» አልኩ፤ ምን ልበል ታዲያ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰው ቤት ተጋብዞ «መጠጥህ ተበላሽቷል» የሚል ማን ነው? ይሉኝታ የሚሉት ጉድ እኛን ሲገድለን ይኖራል። ሰው ሁሉ በአንዴ ያወራል፣ ይስቃል፣ ያወድሳል። ይሳቅማ ነገሩን ለማሳመር ብሎ «ድገመኝ እንጂ!» አለ፤ ባሌም ሞልቶ ቀዳለት። ምስኪኑ ይሳቅ ሁለተኛውን ብርጭቆ አቼቶ በፈገግታ ጠጣው።

ይህን ጊዜ ነው ከግንቡ ወዲያ ድምፅ የመጣው። ሃሊሞ ከጅቡቲ የገባችው ያን ቀን ነበር። ከእኔም አልሰማች፣ ከማንም አልሰማች፤ ወልደማርያም ምን እንደደረሰበት አታውቅም።

«ሸዋዬ! ኧረ ሸዋ! ሰላጣ ልትሠሪ ነው እንዴ? አቼቶ የፈሰሰባችሁ መሰለኝ፣ ግቢዬን ሞላው እኮ አቦ!»

ጨዋታው ቀጥ አለ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ወልደማርያም ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ሃሊሞ» አለ ወደ ግንቡ ዞሮ። ከዚያ ወደ እኛ ተመለሰ። «እሷ ሳትናገርም አውቄው ነበር። ሁለቱን ስትጠጡ ዝም አላችሁ። ሦስተኛው ላይ ታይዋን ገበያ የገባሁ መሰለኝ። ጥሩ ወይን ሰው አያስጮህም።»

«ወልዴ፣ እኛ እኮ…» ጀመረ ይሳቅ።

«ተወው ይሳቅ። ከክረምት ወዲህ አይሸተኝም። ጣዕምም አላውቅም። ለእኔ ይህ ሁሉ ውኃ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጨው የጨመርኩበትን ሻሂ የጠጣህ ቀን አወቅኩ» አልኩት።

«ጨው ነበር?» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «እንግዲህ ሰማችሁ። ዛሬ ጓደኞቼን አቼቶ አጠጣሁ። ነገ ወይኑን እቆርጠዋለሁ።»

እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን እያዩ ወጡ።

በነጋታው ገና ፀሐይ ሳትበረታ መጋዙን ይዞ ወይኑ ሥር ቆመ። እኔም ግንዱን አቅፌ ቆምኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! «እኔን ቁረጥና ቁረጠው!» አልኩት። «ሸዋ፣ ዞር በይ» አለ። «አልዞርም! ይህን ቆርጠህ ምን ልትሠራ ነው? ግድግዳ እያየህ ልትቀመጥ? ልትሞትብኝ?» ብዬ ጮህኩበት። ልቤ ተሰብሮ ነበር፤ ስሰበር ደግሞ የምችለው መጮህ ብቻ ነው። እሱ አልጮኸም። «በማላየው መንገድ ባቡር አልነዳም» አለ በዝግታ፤ ያ ዝግታው ከጩኸት የባሰ አስፈራኝ።

የግቢው በር ተከፈተና ሃሊሞ ገባች። ሽርጧን አጥብቃ አስራ፣ ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

«ወርያ! አቁም!» አለች። «በእኔ አፍ ነው ነገሩ የወጣው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወንድሜ ጋ ሄድኩ።»

ወንድሟ ሼኽ ነጅሙዲን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው።

«ወንድምሽን ምን አልሽው?» አለ ወልደማርያም።

«ወይን ራሱ በራሱ፣ ሰው ሳይነካው፣ ወደ አቼቶ ቢለወጥ ምን ይባላል? አልኩት። ያሰክራል ወይ? አለኝ። ትናንት ይሳቅ በደጄ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ፊቱ የሰከረ ሰው ፊት አልነበረም አልኩት።» እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። «ስካሩ ጨርሶ እስኪወጣለት ይቆይ፤ አቼቶ ብቻ ሆኖ ሲቀር ሐላል ነው፣ ትበያለሽ አለኝ።»

«እና?»

«እናማ ጠብቅ! ሠላሳ ዓመት እዚያ ግንብ ሥር ተቀምጬ የእጅህን ሥራ በአፍንጫዬ ብቻ ሳውቀው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ልቅመሰው። ከዚያ በኋላ ብትፈልግ ቁረጠው፣ ብትፈልግ አቃጥለው።»

«አቼቶ እኮ ነው ሃሊሞ። የተበላሸ ነገር ነው።»

«ለይሳቅ ተበላሸ። ለእኔ ገና አሁን ነው የደረሰልኝ።»

ወልደማርያም መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ በርሜሎቹ ክፍል ገባ። ግንዱን ለቅቄ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጥበቃው እንዲህ ተጀመረ። ከድሬው በርሜል ቡሹን አንስቶ ንጹሕ ጨርቅ አለበሰው፤ ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ይገልጥና ከደጅ ይጣራል። «ሃሊሞ!» ከወዲያ ትንሽ ፀጥታ ይሆናል፤ ነፋሱ እስኪደርሳት መሆኑ ነው። «ገና ነው! አሁንም ያሳስቃል!» ትለዋለች። ከሰዓት በኋላ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ወልደማርያም በክፍሏ ደፍ ላይ ይቀመጣል። እኔም ሥራዬን ጥዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የበርሜሉ ቅዝቃዜ ከጀርባችን ይመጣል፤ ከፊታችን የግቢው ሙቀት ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ሳላውቀው ያሸልበኛል፤ በሕልሜ የተሳፈርኩበት ባቡር ቀይ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ሁሉም ሰው ሩማን ይበላል። ስነቃ ወልደማርያም እንደተቀመጠ ነው። አያወራም፣ ግን መጋዙንም አያነሳም። እኔ እንደዚያ ብንከርም እንኳ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ሙቀቱ በተመለሰበት በመጋቢት፣ አንድ ጠዋት ሃሊሞ ዘገየች። ባሌ ሁለቴ ተጣራ። ከዚያ «ደርሷል» አለች በዝቅተኛ ድምፅ። ሼኽ ነጅሙዲንም መጥተው አሸተቱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ቢስሚላህ በሉ» ብለው ሄዱ።

ሃሊሞ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለቅምሻ ወይኑ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፌ፣ ድንች ቀቅዬ አቀረብኩ። ወልደማርያም ከበርሜሉ ቀድቶ በነጭ ሳህን አመጣላት። ድንቹን ነከር አድርጋ፣ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች። ዐይኗን ጨፈነች።

«ሩማን አለበት» አለች። «ወላሂ ሩማን አለበት። ፍሬው ብቻ አይደለም፣ ፍሬውን የሚለየው ነጩ ቆዳም አለ፤ ያ መራራው። ቆይ… ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀፊራ ላይ ድንገት ዝናብ ሲመታን ጆንያው፣ አቧራው፣ ቅመሙ አንድ ላይ የሚሸተው ነገር። እሱ ነው። መጀመሪያ ይናከሳል፣ ኋላ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይሞቃል። ቀረፋ ነው ልበል? አይ፣ ቀረፋ አይደለም። የቀረፋ እንጨት ነው፣ ገና ያልተወቀጠው።»

ወልደማርያም ወደ እሷ አዘንብሎ ይሰማል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የምትለውን እየተከተለ በአፉ የሚይዘው ይመስለኛል። «ቀጥይ» ይላታል፤ ትቀጥላለች። ሳህኑ እስኪያልቅ እየጎረሰች ነገረችው። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቃት።

«ጥሩ ነው?»

አዎ በይው፣ ማር ነው በይው ብዬ በልቤ ለመንኳት። ሃሊሞ ጣቷን ጠረገች።

«ኮምጣጣ ነው ወልዴ። አቼቶ ነው፣ ምን ልበልህ? በርሜሉን ጎዶሎ ትተኸዋል፣ አየር ገብቶበታል፣ ጥፋቱ ያንተ ነው። ወይኑ ግን ምንም አልሆነም። ያልኩህ ሁሉ ከወይኑ ነው የመጣው፣ አሁንም ውስጡ አለ።»

ወልደማርያም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ትኩሳቱ ሲጥለው አላለቀሰም፣ እንግዶቹ ሲሄዱ አላለቀሰም። አሁን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ፤ እኔም ጀርባውን እያሸሁ አብሬው አለቀስኩ።

ሲረጋጋ «ከርሞም አንድ በርሜል ላንቺ እንዲህ አደርግልሻለሁ» አላት።

«በጭራሽ!» አለች ተቆጥታ። «ለእኔ ብለህ ሆን ብለህ ካበላሸኸው አልነካውም። ይኸው ያለው እስኪያልቅ ሰላጣ እበላበታለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ ወይንህን አስተካክለህ ሥራ።»

«በምን አፍንጫ?»

«በእኔ አፍንጫ። ነፋሱ እስካለ እነግርሃለሁ።»

«አፍንጫስ ይሁን። ማን ይቀምሰዋል? አንቺ አትቀምሺው፣ እኔ አላውቀው።»

ሃሊሞ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «ሸዋ ትቅመስ። ግን እውነቱን ትናገር። አንተን ስታይ ትዋሻለች፣ አመሏን አውቀዋለሁ።»

ደሜ ፈላ! ግን ምን እላለሁ? እውነቷን ነው። ወልደማርያም ተነስቶ ገባና ከሑርሶ በርሜል ግማሽ ብርጭቆ ቀድቶ አመጣልኝ። ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ዐይን ዐይኔን ያያል። ቀመስኩ። ድዴን ያዘኝ። ተምሩን ጠበቅኩት፤ መጣ፣ ግን ቶሎ ሄደ። ከቅርንፉዱ በፊት ባዶ ነገር አለ፣ በጥር ያልነበረ። ማር ነው ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው እንዲህ እያየኝ እንዴት እውነቱን ልንገረው?

«ቀንሷል» አልኩት። «ተምሩ ቶሎ ይሄዳል። በጥር የተሻለ ነበር።»

አልተከፋም። አንዴ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ» አለ፤ ገብቶ የጎደለውን በርሜል ሞላው። ከዚያ መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ፣ መሰላሉን ተደግፎ፣ ወይኑን ለከርሞ ይገርዘው ጀመር፤ ሃሊሞና እኔም የሚወድቀውን ቅርንጫፍ ስንለቅም አረፈድን።